ስለ ሳንኮፋ ፊልምና ስለ ተመልካቾቹ

ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ መብራቱ ሲጠፋ ማንም የማያየው ይመስለዋል። ያለቅሳል፥ ይስቃል፥ በጨካኙ ላይ ጥርሱን ያፋጫል፤ መብራቱ ሲበራ ግን ፊቱን ጠርጎ እንደ ገባው ሆኖ ይወጣል። ስለ ፊልም የሚጽፉ ሰዎችም ማን እንደ ሠራው፥ ስንት ገንዘብ እንደ ወጣበት፥ ማን እንደ ተሸለመበት ይነግሩናል እንጂ በጨለማ የተቀመጠው ሕዝብ ከማን ጋር ወግኖ እንዳየው ብዙ ጊዜ አይነግሩንም። እኔ ግን ነገሩ የባርነት ታሪክ ሲሆን ከፊልሙ ይልቅ ተመልካቹን መመርመር ይበልጥ ያስተምራል እላለሁ። ለዚህም ምሳሌ የሚሆነኝ የአገራችን ሰው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የሠሩት «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልም ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድማችሁ ዕወቁ።

የተመልካች ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ አንድ የቆየ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ1915 ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ የተባለ አሜሪካዊ «የአንድ ሕዝብ ልደት» የሚል ድምፅ አልባ ፊልም አወጣ። ፊልሙ የአሜሪካንን የርስ በርስ ጦርነትና ባርነት ከተሻረ በኋላ የመጣውን ዘመን የሚተርክ ነው፤ ነገር ግን ነጻ የወጡትን ጥቁሮች እንደ አራዊት፥ ፊቱን ሸፍኖ በሌሊት የሚገድላቸውን የኩ ክሉክስ ክላንን ማኅበር እንደ አዳኝ አድርጎ ያሳይ ነበር። ከጥቁሮቹ ገጸ ባሕርያት ዋና ዋናዎቹን የተጫወቱትም ፊታቸውን ጥቁር ቀለም የተቀቡ ነጮች ናቸው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ፊት በዋይት ሐውስ ታየ። በቦስተን ከተማ ጥቁሮች ተሰብስበው በሲኒማ ቤቱ ደጅ ቢቃወሙ መሪያቸው ጋዜጠኛው ዊልያም ሞንሮ ትሮተር ታሰረ። በኅዳር ወር ደግሞ ዊልያም ሲመንስ የተባለ ሰው ጥቂት ተከታዮች ይዞ በጆርጂያ ግዛት ስቶን ማውንቴን ከሚባለው ተራራ ላይ ወጣና መስቀል አቃጥሎ፥ ጠፍቶ የነበረውን ያንን ማኅበር እንደ ገና አቋቋመ። የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ የቀድሞው ማኅበር መስቀል አያቃጥልም ነበር። ሥርዓቱ የተቀዳው ከፊልሙና ፊልሙ ከተወሰደበት ልብ ወለድ ነው። አንዳንዱ ተመልካች ከወንበሩ ሲነሣ የሚሄድበት ስፍራ እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል።

ወደ እኛው ሰው እንመለስ። ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወለዱ፤ አባታቸውም የተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። በልጅነታቸው የታርዛንን ፊልም ሲያዩ፥ አፍሪካውያኑ ከታርዛን ኋላ አድፍጠው በመጡ ቁጥር እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ እንደ ነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ልብ አድርጉ! የጎንደር ልጆች ናቸው። ነገር ግን ፊልሙ ዓይናቸውን ከታርዛን ትከሻ ላይ ስላስቀመጠው ልባቸውም ዓይናቸውን ተከትሎ እዚያው ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ «ፊልም ጨዋታ ነው» የሚለኝን ሰው አላምነውም። ያ ልጅ በ1967 ወደ አሜሪካን አገር ተሻገረ፤ የፊልም ጥበብ ተማረ፤ ከ1975 ጀምሮም በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ።

«ሳንኮፋ» በጋና በሚኖረው በአካን ሕዝብ ቋንቋ «ተመለስና አምጣ» እንደ ማለት ነው፤ ምልክቱም አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረች ወፍ ናት። የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ለፋሽን ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ ጋና ትመጣለች። የምትነሣበትም ቦታ ኬፕ ኮስት ነው፤ ይኸውም የተፈነገሉ አፍሪካውያን መርከብ እስኪመጣ በምድር ቤት ታጉረው ይቆዩበት የነበረ ምሽግ ነው። (በመላው የአትላንቲክ ንግድ ዘመን 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ከአፍሪካ እንደ ተጫነ፥ ከዚያም 2 ሚሊዮን የሚጠጋው ባሕር ላይ እንደ ቀረ ሊቃውንት ከመርከብ መዝገቦች አስልተው ደርሰውበታል።) ሞና በዚያ ግንብ ላይ ትስቃለች፥ ትገላበጣለች፥ ነጩ ፎቶግራፍ አንሺም ያነሣታል። ከበሮ የሚመታ አንድ ሽማግሌ ግን ይቆጣታል። ቆይታ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ በዙሪያዋ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ታያለች። ልትሸሽ ስትል ባሪያ ነጋዴዎቹ ይይዟታል። አሜሪካዊት ነኝ ብትል፥ ብትጮኽ የሚሰማት የለም፤ ልብሷን ገፍፈው በጋለ ብረት ይተኩሷታል። ከዚያ ወዲያ ሞና መሆኗ ቀርቶ በሉዊዚያና በሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤት ቤት የምታገለግል ሾላ የተባለች ባሪያ ትሆናለች።

እንግዲህ ሞና ማን ናት? እንደ እኔ አስተያየት ሞና ተመልካቿ ናት። ፎቶግራፍ ተነሥታ፥ የመታሰቢያ ዕቃ ገዝታ ወደ ቤቷ ልትመለስ የመጣች ሴት ናት። ፊልሙ ያችን ሴት ከወንበሯ ጎትቶ ሰንሰለቱ ውስጥ አስገባት። ከብዙዎቹ የባርነት ፊልሞች የሚለየውም በዚህ ነው፤ በሌሎቹ አንድ ደግ ነጭ ይገኝና ተመልካቹ በእርሱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያያል፤ በዚህ ግን እንዲህ ያለ መጠለያ የለም።

ፊልሙ በ1993 በበርሊን የፊልም በዓል ለውድድር ቀረበ። በአሜሪካን አገር ግን የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። ፕሮፌሰር ኃይሌና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና፥ እርሷም ፊልም ሠሪ ናት፥ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፥ በየከተማው ካሉ የጥቁሮች ማኅበራት ጋር እየተስማሙ ከአገር አገር ይዘውት ዞሩ። ሰዉም መጣ። አንዱ ለሌላው እየነገረ፥ ያየው ሰው ዘመዱን ይዞ እንደ ገና እየመጣ፥ ማስታወቂያ የሌለው ፊልም ወንበር ሞላ። ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ተቀምጦ የሚወያይበት ጊዜ ብዙ ነበር። ይህን ስሰማ ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ፤ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በደጀ ሰላም ያለው ንግግር አንዳንዴ ከስብከቱ ይበልጣልና። በተገኘው ገንዘብና ስም በ1990ዎቹ መጨረሻ ባልና ሚስቱ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚሁ ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ።

ይህን ከ19 ዓመት በኋላ በ2012 ከወጣው የኳንቲን ታራንቲኖ «ጃንጎ» ጋር ብታስተያዩት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። እርሱም ስለ ባርነት ነው፤ እርሱም እንደ ሳንኮፋ ታሪክን በቀጥታ መንገድ የሚነግር አይደለም። ነገር ግን የከብት ጠባቂዎችና የሽጉጥ ፊልም ወግ ይዞ በሳቅና በደም ያጫውታል፤ ገንዘብም አጋበሰ። ጥቁሩ ፊልም ሠሪ ስፓይክ ሊ ይህን ፊልም ማየት ለአያቶቹ ክብር መንፈግ ይሆንብኛል ብሎ እንደማያየው በይፋ ተናገረ፤ ሌሎች ጥቁሮች ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ባሪያው ጌታውን ሲያሸንፍ አየን ብለው ደስ አላቸው። ሁለቱንም አልፈርድባቸውም። ሳይቀምሱ መተው መብት ነው፤ የተበደለም ሰው በበቀል ሕልም መደሰቱ ሰውነት ነው።

ሳንኮፋንም ሁሉ ወደደው ማለት አይደለም። ዘመን ይቀላቀልበታል፥ ሙታን በከበሮ ይጠራሉ፤ ቀጥ ያለ ታሪክ የለመደ ሰው ይደናገራል። እኔም በአንዳንድ ቦታ የገጸ ባሕርያቱ ንግግር ከሥራቸው በዝቶብኛል። ትልቁ ጭንቀት ግን ከዚህ አይደለም። ነጩን ብቻ ጨካኝ፥ ጥቁሩን ብቻ ተበዳይ አድርጎ ቢያሳይ ለመመልከት በቀለለ ነበር። ፊልሙ ግን በባሮች ላይ የተሾሙ ባሮችን ያሳያል፤ ጅራፉን በወገኑ ጀርባ ላይ የሚያሳርፈው ራሱ ባሪያው ነው። ከእነዚህም አንዱ ጆ የሚባለው፥ እናቱ ኑኑ በመርከብ ላይ ተደፍራ የወለደችው ልጅ ነው። አንድ ቄስ ያስተምረዋል፤ እናቱ አረመኔ መሆኗን እየነገረ ያሳፍረዋል፤ ልጁም በመጨረሻ እናቱን በገዛ እጁ ይገድላታል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ይህ ክፍል አቁስሎኛል። ፊደል የቆጠርሁት፥ መዝሙር የዘመርሁት እንደዚያ ያለ ልብስ በለበሱ ሰዎች እጅ ነው። ሆኖም ቁስሌን ይዤ ፊልሙን ሐሰተኛ ልለው አልችልም። በ1838 በሜሪላንድ የነበሩ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት 272 ወንዶችን፥ ሴቶችንና ሕፃናትን ለሉዊዚያና እርሻ ባለቤቶች ሸጠዋል፤ ከገንዘቡም ከፊሉ ዛሬ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ትምህርት ቤት ከዕዳ ለማውጣት ዋለ። ዩኒቨርሲቲውና ማኅበሩ የተሸጡትን ሰዎች ልጅ ልጆች በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በ2017 ነው። ሰው የሚወደውን ነገር ጥፋት ሲሰማ ጆሮውን ቢደፍን የሚወደው ነገር አይጠራለትም።

ባለፈው ዓመት ይህን ፊልም ጎረቤቴ ቤት ስድስት ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር አየሁት። ነፍሰ ጡሯ ስትገረፍ አንደኛው ልጅ እንባውን መቆጣጠር አቃተው፤ እኔም ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ያው ልጅ ሻንጎ የተባለውን ዐመፀኛ ሲያደንቅ «ያ ባሪያ ግን ወንድ ነው!» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ስድብ አልነበረም፤ እርሱ ማመስገኑ ነው። ቡና ታቀርብ የነበረችው የቤቱ ሠራተኛ ግን ሲኒውን እንደ ያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። አገሯ በማጂ በኩል ነው። ምንም አልተናገረችም።

ቃሉ ከየት እንደ መጣ ታውቃላችሁን? ብዬ ጠየቅኋቸው። አንደኛዋ ልጅ «ይህ የእነሱ ታሪክ ነው፥ ጋሼ፤ እኛ አልተገዛንም» አለች። አማርኛችን እዚህ ላይ ጉድ ያወጣል። መገዛት ማለት ለባዕድ ማደር ነው፤ መገዛት ማለት በገንዘብ መሸጥም ነው። አልተገዛንም ስንል የፊተኛውን ማለታችን ነው፤ እርሱም ያኮራል። በሁለተኛው ግን ተገዝተናልም፥ ገዝተናልም። ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ባሮች የሚናገር አንቀጽ አለው። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገለው ሰው በጅማ ገበያ እየተሸጠ፥ በምጽዋና በታጁራ በኩል ቀይ ባሕርን ይሻገር ነበር፤ የሚበዛውም እዚሁ አገር ቤት በየጌታው ደጅ ቀርቷል። አፄ ቴዎድሮስም፥ አፄ ዮሐንስም፥ አፄ ምኒልክም ንግዱን ከለከሉ፤ ንግዱ ግን አልቆመም። የማጂና የጊሚራ መንደሮች በባሪያ ፈንጋይ ባዶ የሆኑት አያቶቻችን በሕይወት ባሉበት ዘመን ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አገሪቱ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገቡ፤ በዚያው ዓመትም ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የታወጀው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን ይህንኑ ነውር ምክንያት አድርጎ ስላወራው፥ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ማንሣት ለጠላት ማገዝ ይመስለን ጀመር። ጠላት ስለ ተናገረው ግን እውነት ሐሰት አይሆንም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውም ተረት የራሳችን ነው።

እንግዲህ ከእኛ ወገን ተሸጦ የራሱን ታሪክ የነገረ ሰው የለም ወይ? አሉኝ። አለ፤ እኔም በትምህርት ቤት በልጅነቴ የተማርሁት ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከኢሉባቦር ተሰርቆ፥ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ደርሶ በ1870 ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ። አስቴር ጋኖም እንዲሁ በልጅነቷ ተሸጣ፥ በመርከብ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከበኞች አስጥለው ለዚያው ሚሲዮን ሰጧት። በፊልሙ ያለው ቄስ ጆን የእናቱን ነገር እንዲጸየፍ አስተማረው፤ እነዚህ ግን በሚሲዮን ቤት ተቀምጠው የእናታቸውን ቋንቋ ጻፉ። አስቴር ከልጅነቷ በልቧ የቀረውን ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን እያስታወሰች ሰበሰበች፤ የኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። ኦነሲሞስ በእርሷ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 አሳተመ።

ወጣቶቹ ከሄዱ በኋላ ሠራተኛዋ ሲኒውን እየሰበሰበች «ጋሼ፥ ያች አስቴር ያሉዋት ወደ አገሯ ተመለሰች ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በ1904 ከኦነሲሞስ ጋር ወለጋ ገባች፤ በነቀምቴም አስተማሪ ሆነች አልኋት።