አልፋ የወደቀች መኪና

«ሃይብሪድ መኪና የማን ፈጠራ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው «የጃፓን ነዋ!» ይላችኋል። አይፈረድበትም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ ለገበያ እስኪያቀርብ ድረስ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ የቤት መኪና በብዛት ተመርቶ ሲሸጥ ያየ አልነበረም። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽ ገና በ1900 ቪየና ላይ የቤንዚን ሞተር ጄኔሬተር እያዞረ ጎማ ውስጥ ለተገጠሙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ኃይል የሚሰጥበትን መኪና ሠርቶ ነበር። እኔ ዛሬ የማነሳው በሁለቱ መሃል ስለተረሳ ሰው ነው። (ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመታቱ የፈረንጅ ናቸው።)

ሰውየው ቪክቶር ዎክ ይባላል። በ1919 ኒውዮርክ ተወለደ፤ በ1942 ካልቴክ ከሚባለው የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሌክትሪክ ምህንድስና ዶክተር ሆነ። ታላቅ ወንድሙ የፑሊትዘር ተሸላሚው ደራሲ ኸርማን ዎክ ነው። ከቤተሰቡ ስሙ የገነነው ደራሲው ሲሆን፣ ኢንጂነሩ የኤሌክትሪክ ኃይል መቀየሪያ መሣሪያዎች እየሠራ ኩባንያ ያቋቁም ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ባለሀብት ወደ ኤሌክትሪክ የተቀየረች ሬኖ ዶፊን መኪና አምጥቶ «እስቲ እያት» አለው። ዎክ አያት። ችግሩ ባትሪው ላይ ነበር፤ የዚያን ዘመን ባትሪ ክብደቱ ብዙ፣ ጉልበቱ ትንሽ ነው። በሌላ በኩል የቤንዚን ሞተርም የራሱ ጣጣ አለበት። መኪናዋን ከቆመችበት ለማስነሳትና ለማፍጠን ትልቅ መሆን አለበት፤ አንዴ ከተንቀሳቀሰች ግን ያን ሁሉ ጉልበት አትፈልገውም። መብራት ላይ ስትቆም ደግሞ ዝም ብሎ ቤንዚን ይጠጣል። (በሥራ መውጫ ሰዓት ከሜክሲኮ ፒያሳ የተጓዘ ሰው ይህን ለመረዳት ዶክትሬት አያስፈልገውም።) ታዲያ ለምን ሁለቱን አናጋባቸውም? ትንሽ የቤንዚን ሞተር ይግባ፣ ጉልበት ሲያንሰው ኤሌክትሪኩ ያግዘው። ነገሩ ይኸው ነው። ሃይብሪድ ማለት በኛ ቋንቋ ዲቃላ ማለት አይደል? ዲቃላ ደግሞ እንደምታውቁት ቤተሰብ በቶሎ አይቀበለውም።

በ1970 የአሜሪካ መንግሥት አነስተኛ ጭስ የሚያወጣ መኪና ለሚሠሩ ሰዎች ማበረታቻ አዘጋጀ። ዎክ ቻርሊ ሮዘን ከሚባል ወዳጁ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ገባበት። ጄነራል ሞተርስ አንድ የ1972 ቡዊክ ስካይላርክ ሰጣቸው። ዋናውን ሞተር አውጥተው በምትኩ የማዝዳ አነስተኛ ሞተር አስገቡ፤ ከጎኑ የኤሌክትሪክ ሞተርና ለፖሊስ መኪና የሚሠሩ 8 ጠንካራ ባትሪዎች ገጠሙ። መኪናዋ በሰዓት 137 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበር ነበር። በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች፤ ይህም ያልተነካካችው ቡዊክ የምትሄደው እጥፍ ያህል ነው። የምታወጣው በካይ ጋዝ በጊዜው ከነበሩት መኪኖች አሥር እጅ አይሞላም።

ጊዜውን ልብ በሉ። በጥቅምት 1973 የአረብ አገሮች ነዳጅ ከልክለው ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ አሜሪካኖች ማደያ ላይ ተሰለፉ። የዚያው ነዳጅ ንዳድ እኛ ቤትም ደርሷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ቤንዚን ተወደደብን ብለው ነው፤ ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዲህ ዓለም በነዳጅ ሲንጫጫ ነው ይቺ መኪና ሚቺጋን፣ አን አርበር በሚገኘው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ የተፈተነችው።

ፈተናውን አለፈች። ከዚያም ተጣለች።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ክርክር ሃይብሪድ ለገበያ የሚሆን ነገር አይደለም የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ጭራሽ ባዶ አልነበረም። ሁለት ሞተር የተሸከመ መኪና ውስብስብ ነው፣ ይወደዳል፤ ሁለቱን በየሰከንዱ የሚያስማማ ርካሽ ኮምፒዩተርም በ1974 መኪና ውስጥ አልነበረም። ግን ፈታኙ የጠየቀው ናሙና ነው እንጂ ለገበያ የደረሰ ዕቃ አልነበረም። ተማሪውን ፈትኖ፣ ማለፉን መስክሮ፣ «አንተ ግን ሥራ ስለማታገኝ ዲፕሎማውን አንሰጥህም» ብሎ እንደ ማሰናበት ነው። የተከለከለው ደግሞ ያ የጎደለው ነገር የሚሟላበት ጊዜና ገንዘብ ነው።

በ1976 ማበረታቻው ተዘጋ። የሚገርመው፣ ኮንግረስ የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪና ምርምር የሚደግፍ ሕግ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ፕሬዚዳንት ፎርድ አልቀበልም ቢሉም ኮንግረሱ ሽሮባቸው አጸደቀው። ለቡዊኳ ግን አልፎባታል።

ዎክ አላኮረፈም። ስለ ሃይብሪድ መጻፉንና ማማከሩን ቀጠለ፣ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ለካልቴክ ቤተ መዛግብት ሰጠ። ቡዊኳ አን አርበር ላይ ከተፈተነችበት እስከ ፕሪየስ ገበያ መውጣት 23 ዓመት ነው። በግንቦት 2005 በ86 ዓመቱ ሲሞት ፕሪየስ በሚኖርባት በኒውዮርክ ጎዳና ላይ እንደ ልቡ ይመላለስ ነበር።