ያልተወለደው ሰውዬ

ሜንላቭ የሚባል እንግሊዛዊ ገበሬ ከጎረቤቱ ጎጆዎች አጠገብ ድርቆሽ ከመረ። ክምሩ እየጋለ መሆኑን ያዩ ሰዎች አምስት ሳምንት ያህል መከሩት። እሱ ግን ንብረቱ ኢንሹራንስ ስለተገባለት «የመጣው ይምጣ» ብሎ ተወው። ክምሩ ነደደ፣ የጎረቤቱም ቤቶች አብረው ነደዱ። በ1837 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ ዳኞች ፊት ሲቀርብ ጠበቆቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ሰውየው አእምሮው የፈቀደለትን ያህል ተጠንቅቋል፤ ብልህ ሆኖ ባለመፈጠሩ ካሳ ሊከፍል አይገባም! ዋና ዳኛው ቲንዳል አልተቀበሉትም። ነጋዴው ሁሉ በየራሱ ክንድ አቡጀዲ ይለካ እንደማለት ነዋ።

ታዲያ በማን ክንድ ይለካ? ጥንቁቅ በሆነ ተራ ሰው። ይህ ሰው አልተወለደም፣ አይሞትም፣ ፍርድ ቤት ቀርቦም አያውቅም። እንግሊዞች ግን ሰፈር ሰጥተውታል። በ1903 እ.ኤ.አ. በተሰጠ አንድ ፍርድ ላይ የለንደኑ የክላፋም አውቶቡስ ተሳፋሪ ተብሎ ተጠርቷል። (ክርክሩ የቲያትር ሂስ ነበር፤ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ደስ የሚል ነገር ነው።) ኤ.ፒ. ኸርበርት የተባለው ቀልደኛ ጸሐፊ ደግሞ የእንግሊዝ ሕግ አስተዋይ ሴት መኖሯን ጨርሶ አያውቅም ብሎ አላግጧል።

ቀልዱ መሠረት አለው። የሰውየው የሮም ቅድመ አያት «መልካሙ የቤተሰብ አባት» ነው፤ ቤትና ንብረት የሚያስተዳድር ወንድ ማለት ነው። በ1804 እ.ኤ.አ. ወደ ናፖሊዮን ሕግ ገባ። ፈረንሳዮች ከሕጋቸው አውጥተው «ምክንያታዊ» በሚል ቃል የተኩት ገና በ2014 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ እኛም የመጣው በዚያው መንገድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ናቸው። አንቀጽ 2030 ዳኛው ጥፋትን ሲመዝን የአስተዋይ ሰውን አደራረግ እንዲመለከት ያዝዛል። እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ ይህን ሰው ሲያስብ ማን ይመጣበታል? እንደ እሱ የተማረ ከተሜ ነው የሚመጣበት ብዬ እሰጋለሁ። ለእርሻው ምንጣሮ እሳት የለቀቀ ገበሬ በማን ልምድ ይመዘን? ንፋሱንና ወቅቱን በሚያውቅ ገበሬ ነው እንጂ! ይህ ገበሬውን ማቅለል አይደለም፤ ከተሜው የማያውቀውን አደጋ እሱ ሊያውቅ ይገባ ነበርና አንዳንዴ ሚዛኑ ይከብድበታል። ፍርዱ ላይ ያ የታሰበው ሰው ምን ሊያውቅ፣ ምንስ ሊያይ ይችል እንደነበር በግልጽ ቢጻፍ ተከራካሪው ይግባኝ የሚልበትን ነጥብ ያገኛል።

ሌላም አለ። ያው አንቀጽ 2030፣ ሕጉ በሌላ ቦታ ካልፈቀደ በቀር፣ የአጥፊው ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ አይታይም ይላል። ለብርዱ እሳት ያነደደ ትንሽ እረኛ የሰው ክምር ቢያቃጥል ጥፋቱ በአዋቂ ክንድ ይለካል ማለት ነው። ሕጉ በር የሚከፍተው ካሳው ላይ ሲደርስ ነው። በአንቀጽ 2099 መሠረት አጥፊው የሥራውን ክፋት መረዳት የማይችል ከሆነና ርትዕ ካስገደደ፣ ዳኛው የሁለቱን ወገኖች የገንዘብ አቅም አይቶ ካሳውን መቀነስ ይችላል። ያኔ ያልተወለደው ሰውዬ ዞር ይልና እረኛው ራሱ፣ በባዶ እግሩ፣ ዳኛው ፊት ይቆማል።