ገረሴን የዘለለው ብርሃን
የሃሎጅን የማንበቢያ መብራት ታሪክ ከጋሞ ደጋ ሲታይ

በጋሞ ደጋ በምትገኘው በገረሴና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች በሌሊት መጽሐፍ መግለጥ ለብዙ ዘመን የኩራዝ ጉዳይ ነበር። ከባዶ ቆርቆሮና ከጨርቅ ክር የሚሠራው ያ መብራት የሚሰጠው ብርሃን ከአንድ ሻማ ብዙም አይርቅም፤ አንድ ሻማ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ በተዘረጋ ገጽ ላይ የሚያሳርፈው 11 ሉክስ ያህል ብቻ ነው። ለንባብ የሚመከረው ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው። ተማሪው ፊቱን ወደ ነበልባሉ የሚያስጠጋው፣ ጠዋትም አፍንጫው ጥላሸት ለብሶ የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ለመቁጠር የተቀመጠው የገጠር ጎልማሳም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የነበረው ምርጫ ኩራዝ፣ ፋኖስ፣ ከተገኘም ማሾ ነበር።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ የጽሕፈት ጠረጴዛዎች ላይ ሌላ ዓይነት መብራት ይበራ ነበር። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ካሳየው አምፑል ጀምሮ የፊላመንት መብራት አንድ ሥር የሰደደ ሕመም ነበረበት፤ የጋለው ክር ቀስ በቀስ እየተነነ ብርጭቆውን ከውስጥ ያጠቁራል፤ ራሱም እየሳሳ ሄዶ ይበጠሳል። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባልደረቦች የነበሩት ኤልመር ፍሪድሪክና ኤመት ዋይሊ እ.ኤ.አ. በ1959 የፈጠራ መብት ያገኙበት መፍትሔ በኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ጥቂት አዮዲን መጨመር ነው። የተነነው ተንግስተን ከአዮዲኑ ጋር ይዋሐዳል፤ በግድግዳው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ወደ ክሩ ተመልሶ በዚያ ትኩሳት ከአዮዲኑ ይለያይና እንደገና በክሩ ላይ ያርፋል። ዑደቱ እንዲሠራ ግን የአምፑሉ ግድግዳ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መጋል ይኖርበታል። አንባቢ ይህን ቁጥር ይያዝልኝ።

ሃሎጅን ብዙ ሕዝብ ያየው በመኪና የፊት መብራት ነው። ወደ ጠረጴዛ ባመጡት ሥራዎች መካከል ስሙ የገነነው ሪቻርድ ሳፐር እ.ኤ.አ. በ1972 ለጣሊያኑ ለአርተሚዴ የነደፈው ቲዚዮ ነው፤ ትራንስፎርመሩ በእግሩ ውስጥ ተቀብሮ 12 ቮልቱ ያለ ሽቦ በብረት ክንዶቹ ያልፋል። ብርሃኑ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለምን ሳያዛባ ያሳያል፤ አይርገበገብም። መሐንዲስ በሥዕል ጠረጴዛው ላይ ቢወደው አያስገርምም። እኔም እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ታዲያ ለገረሴ ተማሪ ይህን መብራት መምረጥ ይገባ ነበርን? ነገሩ የሚወሰነው ከአምፑሉ በስተኋላ ባለው ነገር ነው። በረጅም መስመር ጫፍ ላይ፣ ምሽት ሁሉም በአንድነት ሲያበራ፣ 220 ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ፣ የፊላመንት ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚበላው ኃይል ግን የሚቀንሰው በሩብ ያህል ብቻ ነው። ግድግዳው ከተባለው ሙቀት በታች ከወረደ ደግሞ ዑደቱ ይቆማል፤ በውድ ዋጋ የተገዛው ሃሎጅን እንደ ተራው አምፑል መጥቆር ይጀምራል። ለጠንካራ መስመር የተሠራ ዕቃ ነውና በደካማ መስመር ላይ ብልጫውን ያጣል።

መስመር በሌለበትስ? 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ቮልቴጅ በመሆኑ ሐሳቡ ያጓጓል። 20 ዋት የሚበላ ሃሎጅን 40 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ ግማሹን የሚጨርሰው በ12 ሰዓት፣ ማለትም በቀን ሦስት ሰዓት ለሚያነብ ሰው በአራት ምሽት ነው። በአምስተኛው ቀን ባትሪውን ተሸክሞ ኃይል ወዳለበት መውረድ ሊኖር ነው። የደጋውን ዳገት የሚያውቅ ይፍረደው።

ጃፓናዊው ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ1993 ደማቁን ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ካቀረበ በኋላ ነጭ ብርሃን የሚሰጠው ኤል.ኢ.ዲ. ተከተለ። ሃሎጅኑ በ20 ዋት የሚሰጠውን 300 ሉመን ያህል ዛሬ ኤል.ኢ.ዲ. በ3 ዋት ይሰጣል፤ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳም ይበቃዋል። የአውሮፓ ኅብረት አብዛኞቹን የቤት ሃሎጅን አምፑሎች እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከገበያ ሲያግድ፣ በጋሞ ደጋ ግን የፀሐይ ፋኖሱ ኩራዝን መተካት ጀምሮ ነበር። አገሩ ሃሎጅንን ሳይለምደው ዘለለው።

በመዝለሉ የቀረ አንድ ነገር ግን አለ። ርካሹ ኤል.ኢ.ዲ. በተለይ ቀዩን ቀለም ያደበዝዛል። ለጥቁር ፊደል ይህ ምንም አይደለም፤ በምሽት የዱንጉዛን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ክር ለሚለይ የጋሞ ሸማኔ ግን ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ለንባብ ክፍል መብራት ስንመርጥ ከዋቱ ይልቅ በገጹ ላይ የሚያርፈውን ሉክስ እንለካ፤ ለሽመና ቤት ስንመርጥ ደግሞ የቀለም ማሳያ መለኪያው ከ90 በላይ የሆነውን ኤል.ኢ.ዲ. ከሻጩ እንጠይቅ፤ ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ ያው ሰሌዳ ግን ያበራዋል።