ከፍልውሃ እስከ ሆስፒታል፦ የቁርጥማት ሕመምተኛ ረጅም መንገድ

አዲስ አበባ ዛሬ ያለችበትን ቦታ እንድትይዝ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ቁርጥማት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምኒልክ እንጦጦ ላይ በነበሩበት ዘመን የተራራው ብርድና ንፋስ ለመኳንንቱም ለጭፍራውም አይመችም ነበር። ከተራራው ግርጌ፣ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ሜዳ፣ ፍል ውሃ ይፈልቃል። ንጉሡና መኳንንቱ እየወረዱ ይታጠቡ፣ ድንኳን ተክለው ይሰነብቱ ጀመር። እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. እዚያው ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ከተማዋ ተቆረቆረች።

ያ ፍልውሃ ዛሬም አለ፤ ከኡራኤል ተነስቶ በካዛንቺስ በኩል ለሚሄድ ሰው ሩቅ አይደለም። የዚህ ሰፈር ሕመምተኛ ጸበሉም፣ ወጌሻውም፣ ፋርማሲውም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ዘውዲቱ ሆስፒታልም ቅርቡ ናቸው። ጥያቄው የትኛውን ያስቀድማል የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተብሎ ዝንጅብልና ቅባት ይሞከራል። ቀጥሎ ጸበል፣ ወጌሻ፣ ፍልውሃ። ሲበረታ ከፋርማሲ ዳይክሎፍናክ፣ ሲብስ ፕሬድኒሶሎን። ሁለቱም ስለሚያስታግሱ ሰው የዳነ ይመስለዋል። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን የመጀመሪያው ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሁለተኛው አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና የደም ግፊት ያስከትላል።

ይህን ሁሉ በሕዝቡ አለማወቅ ብቻ ማሳበብ ታሪኩን መዝለል ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ሲገቡ ሥራቸው ቁስለኛ ማከም ነበር። ከዚያ ወዲህ የተከፈቱት ሆስፒታሎች፣ በአድቬንቲስት ሚሲዮን ሲመራ ቆይቶ ደርግ የወረሰውን ዘውዲቱን ጨምሮ፣ ከወረርሽኝ፣ ከወሊድ ችግርና ከሕፃናት ሞት ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ትክክልም ነበር፤ ሰው እየገደለ ያለው እሱ ነበርና። ቀስ ብሎ የሚያሽመደምደው በሽታ ግን ወረፋው ሳይደርሰው ቀረ። ዛሬም የመገጣጠሚያ በሽታ ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በጤና መድን የሚታከም ሰው ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ፣ ቀጠሮ ይዞ ስፔሻሊስት ዘንድ እስኪደርስ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ወራቱ ደግሞ ብዙ ያስከፍላሉ። ሩማቶይድ አርትራይተስ መገጣጠሚያን በይበልጥ የሚያበላሸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ከአዳዲሶቹ መድኃኒቶች እጅግ የሚረክሰው ሜቶትሬክሴት በጊዜ ከተጀመረ ጉዳቱን ይገታል፤ አንዴ የጠመመ ጣት ግን በኪኒን አይቃናም።

በልጅ ላይ ሲሆን ይከፋል። ጉሮሮውን ታሞ ሳይታከም የቀረ ልጅ ከሳምንታት በኋላ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እየተፈራረቁ ሊያብጡ ይችላሉ። እብጠቱ ሕክምና ሳያገኝም ይጠፋል፤ ቤተሰብም ተመስገን ይላል። የልቡ ቫልቭ ግን ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ በሽታው እንዳያገረሽ ይከላከላል፤ መርፌውን የሚያገኘው ግን የተመረመረ ልጅ ብቻ ነው።

መፍትሔው ጸበልን ከሐኪም ማጣላት አይደለም። አገሪቱ ይህን ከኤች አይ ቪ ተምራለች። እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በይፋ ተናገሩ። ለቁርጥማትም እንዲህ ያለ ቃል ያስፈልጋል። ካህኑም፣ ወጌሻውም፣ ፋርማሲስቱም «እጅህ ጠዋት ጠዋት እየተሳሰረ፣ መገጣጠሚያህ አብጦ 6 ሳምንት ካለፈው ተመርመር» ቢሉ ብዙ እጅ ከመጣመም ይተርፋል።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ተዛውሯል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ የአድራሻ ለውጥ ብቻ አይደለም። የሚያውቀው ጤና ጣቢያ ርቆታል፤ ለክትትል ሲመጣ ታክሲ መቀያየር ሊኖርበት ነው። ካርዱና ሪፈሩ አብረውት ካልተዛወሩ፣ መንገዱን እንደገና ከዝንጅብሉ ይጀምራል።