የመድኃኒት ዕፅዋት ፀረ ሚውቴሽን ምርመራ

የፀረ ሚውቴሽን ምርመራ የአንድ መድኃኒት ተክል ጭምቅ በዲኤንኤ ላይ የሚደርስን ጉዳት ይቀንስ እንደሆነ በቤተ ሙከራ የሚለካበት ዘዴ ነው። ሚውቴሽን በዲኤንኤ ላይ የሚፈጠር ዘላቂ ለውጥ ሲሆን፣ ለካንሰር መነሻ ሊሆን ይችላል።

አስፈላጊነቱ

በምሥራቅ አፍሪካ ከሚታወቁት ሚውቴሽን አምጪዎች አንዱ አፍላቶክሲን ቢ1 ነው። ይህ መርዝ በአግባቡ ባልደረቀ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ ከሚያድግ ሻጋታ ይመነጫል፤ የጉበት ካንሰርም ያስከትላል። በ2004 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ኬንያ፣ በተለይ በማኩዌኒና በኪቱይ፣ በአፍላቶክሲን ከተመረዙ 317 ሰዎች 125ቱ ሞተዋል። በናይሮቢ የዘወትር ምግብ የሆነው ኡጋሊ ከበቆሎ ዱቄት ስለሚሠራ ጉዳዩ ከማዕድ የራቀ አይደለም፤ ምርመራውም እንዲህ ያለውን ጉዳት የሚቀንሱ ዕፅዋትን ለመለየት ይረዳል።

አሠራሩ

በብዛት የሚሠራበት የኤምስ ምርመራ ነው። ዘዴውን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ብሩስ ኤምስ ናቸው። ለምርመራው የሚውሉት የሳልሞኔላ ዝርያዎች ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ መሥራት ስለማይችሉ፣ ያለ እሱ አያድጉም። ሚውቴሽን ይህን ችሎታ ሲመልስላቸው ግን ተራብተው በዓይን የሚታይ ነጠብጣብ ይሠራሉ። ቲኤ98 እና ቲኤ100 በሰፊው የታወቁት ዝርያዎች ናቸው።

ባክቴሪያው፣ ሚውቴሽን አምጪውና ጭምቁ ተቀላቅለው በሳህን ላይ ከፈሰሱ በኋላ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ48 ሰዓት ያህል ይቆያሉ። አፍላቶክሲን ጎጂ የሚሆነው በጉበት ኢንዛይሞች ከተለወጠ በኋላ ስለሆነ፣ ኤስ9 የተባለ የአይጥ ጉበት ዝግጅት ይጨመርበታል። ለምሳሌ ሚውቴሽን አምጪው ብቻውን 500፣ ከጭምቁ ጋር 260 ነጠብጣብ ቢያወጣ፣ ባክቴሪያው ብቻ ያለበት ሳህን ደግሞ 100 ቢያሳይ፣ ይህ 100 ከሁለቱም ተቀንሶ ሲሰላ ጭምቁ ጉዳቱን በ60 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። ከ40 በመቶ በላይ የሆነ ቅነሳ እንደ ጠንካራ ይቆጠራል።

የውጤት አተረጓጎም

የነጠብጣብ ማነስ ሁልጊዜ የመከላከል ምልክት አይደለም። ብዙ መድኃኒት ዕፅዋት ባክቴሪያ ገዳይ ናቸው፤ የሞተ ባክቴሪያ ደግሞ ነጠብጣብ አይሠራም። ስለዚህ ባክቴሪያው በሕይወት መኖሩ ለብቻው ይረጋገጣል። በተቃራኒው፣ በጭምቁ ውስጥ ሂስቲዲን ካለ ነጠብጣቡን አብዝቶ ተክሉን ያለ ጥፋቱ ሊያስወቅሰው ይችላል።

ተክሉ ራሱ ሚውቴሽን አምጪ እንዳይሆንም ይፈተሻል። በኢትዮጵያ ከቡና ስኒ የማይጠፋው የጤና አዳም የቅርብ ዘመድ የሆነው ሩታ ግራቬኦለንስ፣ በያዛቸው አልካሎይዶች ምክንያት በሳልሞኔላ ላይ ሚውቴሽን ማስከተሉ ታይቷል። ይህ ግን አንድ ዘለላ ቅጠል ሰውን ይጎዳል ማለት አይደለም፤ መጠኑና አዘገጃጀቱ ይለያያሉ።

ቀጣይ ደረጃ

በኤምስ ምርመራ ተስፋ የሰጠ ጭምቅ በሰው ሕዋሳት ላይ የዲኤንኤ ጉዳትን በሚለኩት የማይክሮኒውክለስና የኮሜት ምርመራዎች፣ ቀጥሎም በእንስሳት ላይ ይፈተሻል። በሳህን ላይ የተገኘ ውጤት ብቻውን ተክሉ ካንሰርን እንደሚከላከል ማረጋገጫ አይሆንም።