የእርከኑ ባለቤት ማን ነው?
የርብና የጉማራ ወንዞች የጉና ተራራን ተዳፋት አጥበው ደለሉን ፎገራ ሜዳ ላይ ስለሚያራግፉ፣ በሜዳው ላይ ያለው የወረታ ገበሬ ዕጣ ከደጋው እርከን ጋር የተሳሰረ ነው። እርከኑን ደግሞ ያቆመውም ያፈረሰውም ፖለቲካ ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገ በኋላ፣ በገበሬ ማኅበራት በኩል የእርዳታ ስንዴና ዘይት እየከፈለ በየደጋው እርከን አሠራ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ካቡ ተናደ፣ የተከለለው ደን ተጨፈጨፈ። ገበሬው የእርከኑን ጥቅም ስላልተረዳ ነው የሚሉ አሉ፤ አልቀበለውም። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፤ ካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል፤ ትርፉ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። መሬቱ ነገ የማን እንደሚሆን ያላወቀ ሰው እንዴት ይጠብቅ? የ1989ኙ የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ይህን ስጋት አባሰው፤ የይዞታ ደብተር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ደለሉ ፎገራን አላለማም ወይ የሚል ይኖራል። አልምቷል፤ የሩዙ ማሳ ምስክር ነው። ነገር ግን ወንዙ በደለል ሲሞላ፣ በ1998 ክረምት እንደታየው፣ ውኃው ቤትና ሰብል ላይ ይወጣል። ለዚህ መከላከያ የደጋው ገበሬ በየበጋው በተፋሰስ ዘመቻ ያለ ክፍያ ድንጋይ ይክባል፤ ከጥቅሙ የሜዳው ድርሻ ትልቅ ስለሆነ፣ ወጪውንም ሊጋራው ይገባል።