90 ሳንቲሜትር ምን ይለውጣል?

ሶፍትቦል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወርዋሪዋ እጇን እንደ መንኮራኩር አሽከርክራ ኳሷን ከታች ትለቃለች። መቺዋ ከሳተቻት ከኋላዋ ያለችው ቀላቢ ትይዛታለች። ከቀላቢዋ ጀርባ የቆመው ዳኛ ደግሞ ኳሷ በትክክለኛው ቦታ ማለፍ አለማለፏን ይፈርዳል፤ ያውም ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አይቶ!

እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ሻምፒዮና ፍጻሜ ዩሲኤልኤ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 1 ለ 0 ያሸነፈው በ13ኛው ዙር ነው፤ መደበኛው ጨዋታ ግን 7 ዙር ብቻ ነው። መቺዎቹ ሰንፈው እንዳይመስላችሁ። ያኔ ወርዋሪዋ የምትቆመው 12.2 ሜትር ርቃ ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ርቀቱ 13.1 ሜትር ሆነ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለምትበር ኳስ ይህ የሰከንድ 3 መቶኛ ያህል ነው። ትንሽ ናት አይደል? ለመቺዋ፣ ለቀላቢዋና ለዳኛው ዐይን ግን ይህችም ጊዜ ናት።